ዴስክቶፓችሁ ድርግም እያለ ካስቸገራችሁ፣ ከፎርማት በፊት ይህን ሞክሩ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ዴስክቶፕ በሥራ መሀል ድርግም እያለ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚባለው ነገር አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ይደረጋል። ሳምንት ሳይሞላው ግን ያው ይሆናል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይሄ ነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖም ከጠፋ፣ ጥፋቱ ዕቃው ላይ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት መቼና እንዴት እንደሚጠፋ አስተውሉ። ጥቂት ከሠራ በኋላ፣ በተለይ ቪዲዮ ወይም ጌም ሲከፈትበት የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ወይም ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ በየጊዜው የተለያየ የስህተት ጽሑፍ የሚያወጣ ከሆነ ራሙን፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ጠርጥሩ። ፋይል ሲከፈት ሲንቀራፈፍ ቆይቶ ድርቅ የሚል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ነው። የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ ጠብቆ የሚጠፋ ከሆነስ? እሱን ኮምፒውተሩ ላይ አታሳብቡ፣ ችግሩ መብራቱ ነው።

ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል አይታችሁ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት እንዳትሮጡ። ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

ከሙቀት ጀምሩ፣ ምክንያቱም ወጪ የለውም። ገመዱን ንቀሉና የሳጥኑን ጎን ክፈቱት። መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ኮምፒውተር ከሆነ፣ በሲፒዩው (በዋናው ቺፕ) ፋንና ሙቀቱን በሚያወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ፣ መሀል አቧራው ተነባብሮ አየር ማሳለፊያ ዘግቶ ታገኙታላችሁ። ቤቱ ውስጥ ቡና የሚፈላና ዕጣን የሚጨስ ከሆነማ አቧራው ይጣበቃል፣ በአፍ እፍ ብትሉት ምራቅ ከመጨመር ውጭ አይለቅም። ወደ በረንዳ አውጡና በለስላሳ ብሩሽ እያላቀቃችሁ በብሎወር (በአየር መንፊያ) ንፉት። ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ ያለበለዚያ ከልክ በላይ ተሽከርክሮ ይበላሻል። ዓመታት የቆየ ከሆነ ተርማል ፔስቱም፣ ማለትም በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ደርቋል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጋችሁ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ የሲፒዩው መሀል ላይ አድርጉ። ብዙ መቀባት አይጠቅመውም።

ከዚያ ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ሙቀቱን እዩ። ሥራ በሌለው ሰዓት ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ደህና ነው። ሲሠራ ከ90 በላይ እየወጣ ከሆነ ገና አልተፈታም። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ነው፣ እዚያ ያለ ሥራ ቁጭ ብሎ 70 የሚያሳይ ሲፒዩ በአየሩ ሊሳበብ አይችልም። ባሕር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትንሽ ከፍ ቢል ግን አትደንግጡ።

ራም ቀላል ነው። እጃችሁን የሳጥኑን ብረት አስነክታችሁ ራሞቹን አውጡ፣ ወርቃማ ጥርሳቸውን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉና አንድ በአንድ ብቻ እየሰካችሁ ሞክሩ። ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን ስታሳድሩት አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም። ሁለቱም ራሞች በአንዱ ቀዳዳ ላይ ብቻ ካስቸገሩ ግን ጥፋቱ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ የማዘርቦርዱ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ሰው ይቆጥባል፣ መቆጠብ የሌለበት ግን እሱ ላይ ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ኮምፒውተሩ እየሠራ የሃርድ ዲስክ መሰኪያውን ቢጫ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ለኩ። ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት፣ ቀዩ ደግሞ ከ4.75 እስከ 5.25። ቁጥሩ ደህና ሆኖም ሥራ ሲበዛበት ሊወድቅ ስለሚችል፣ ቁርጡን የሚነግራችሁ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ከጓደኛ ተውሳችሁ መሞከር ነው። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ሳጥን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም፣ ለሱ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። የዩፒኤስ ባትሪም በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ሌዘር ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ከዩፒኤሱ ጋር አታያይዙ፣ ሲነሱ የሚስቡት ብዙ ስለሆነ ሁሉንም ይዘውት ይጠፋሉ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ የኢንተርኔት ገመዱንም ጭምር።

ሃርድ ዲስኩን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው የዲስክ ጤና ማሳያ ፕሮግራም እዩት። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ካልሆነም ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የምታገናኘውን ርካሿን የሳታ ገመድ ቀይራችሁ ሞክሩ፣ አንዳንዴ ጥፋቱ እሷ ብቻ ናት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮም ከጠፋ ማዘርቦርዱ ይቀራል። ሲፒዩው አካባቢ ያሉትን ክብ ካፓሲተሮች ጭንቅላት ተመልከቱ፣ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ አግኝታችሁታል። እጁ የለመደ ባለሙያ ሊቀይራቸው ይችላል። ቦርዱ ያረጀ ከሆነ ግን ያገለገለ ሌላ መፈለግ ይሻላል፣ የሲፒዩውን ሶኬትና የራሙን ዓይነት አመሳክራችሁ፣ እዚያው ተገጥሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሠራ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።