ጅቡቲ ለሰርግ ለምትሄዱ የድሬ ልጆች

የአብሮ አደጋችሁ ሰርግ ጅቡቲ ነው? መጀመሪያ ፓስፖርታችሁን አውጡና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ቪዛውንም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ፤ ሙሽሮቹ በሰርጋቸው ሳምንት ለእናንተ ወረቀት መሯሯጥ የለባቸውም።

አቦ፣ የጥሪ ካርዱን ደግሞ በደንብ አንብቡት! ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 22 ሰዓት ከተባለ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ስልካችሁ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር መዝግባችሁ አስቀምጡት። የሳምንቱ ዕረፍታቸው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ባንክ ቤት ጉዳይ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ጨርሱ። የጅቡቲ ገንዘብ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ፤ ስለዚህ ወጪያችሁን እዚሁ ቁጭ ብላችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

በባቡር ከሆነ የመነሻውን ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ። የድሬው አዲሱ ጣቢያ እንደ ድሮው ከዚራ ሰፈር አይደለም፣ ከከተማ ወጣ ይላል። ጅቡቲ የምትወርዱበት ናጋድ ጣቢያም እንደዚያው ነው፤ የሚቀበላችሁ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የድሬን ሙቀት ለምደነዋል ብላችሁ የዚያን አትናቁ። በክረምታችን ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ባሕሩ ደግሞ ወበቅ ይጨምርበታል። ሳሳ ያለ ግን ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ያዙ።

ስጦታ ብላችሁ ከባድ ዕቃ አትሸከሙ። እኔ ለጓደኛዬ ትንሽ የሐረር ስፌት ይዤላት ሄድኩ፣ ከስጦታዎቹ ሁሉ መጀመሪያ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው እሱን ነው።