ጄሊፊን ቪዲዮዎቼን አላይ ሲለኝ

ጄሊፊንን (የራስን ቪዲዮዎች በብሮውዘር የሚያሳይ የሚዲያ ሰርቨር) ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ጫንኩት። ብሮውዘር ላይ በፖርት 8096 ወዲያው ተከፈተ። የቪዲዮ ፎልደሬን ሰጠሁት፤ ስካን አድርጎ ጨረሰ፤ ላይብረሪው ግን ባዶ! ፋይሎቹ እዚያው አሉ፣ በቪኤልሲ ማጫወቻ ይከፈታሉ። አጥፍቼ ደግሜ ብጭነውም ያው ነው።

ለካ ችግሩ የፈቃድ ነው። ጄሊፊን የሚሠራው በእኔ ስም ሳይሆን «ጄሊፊን» በሚባል የራሱ ዩዘር ነው። ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚፈጠር ሆም ፎልደር (የእያንዳንዱ ዩዘር የግል ፎልደር) ፈቃዱ 750 ነው፤ ከባለቤቱና ከግሩፑ ውጭ ሌላ ዩዘር አይገባበትም። ቪዲዮዎቼ ያሉት ደግሞ ሆሜ ውስጥ ነበር። የውስጡ ፎልደር ክፍት ቢሆንም የውጭው በር ከተዘጋ ዋጋ የለውም።

ሆሜን 777 (ለሁሉም ክፍት) ማድረግ አልፈለግኩም፤ የግል ፋይሎቼ ይጋለጣሉ። ቪዲዮዎቹን ከሆሜ ውጭ ወዳለው ኤስአርቪ (/srv) ፎልደር አዛወርኩ። ለፎልደሮቹ 755፣ ለፋይሎቹ 644 ሰጠሁ፤ ሌሎች ዩዘሮች ማየት እንጂ መቀየር አይችሉም። አድራሻውን ቀይሬ እንደገና ስካን ሳደርግ ፖስተሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።