በባቡር ለሚመላለሱ ሠራተኞች፦ የትኬት ወጪን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

የቤት ኪራይ በወር አንዴ ይከፈላል፤ ስለሚያም ሰው አይረሳውም። የባቡር ወጪ ግን እንዲህ አይደለም። ጠዋት ካርድ አስነክቶ መግባት፣ ማታ አስነክቶ መመለስ ነው። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ይህን በዓመት ከአራት መቶ ጊዜ በላይ ያደርገዋል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ ትንሽ ቢቀነስ እንኳ ዓመቱ ሲያልቅ ደህና ገንዘብ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ የሄዱባቸውን ቀናት ይቁጠሩ

ከሁሉም በፊት ይህን ያድርጉ። የስልክዎን ካሌንደር ወይም ከባንክ የሚደርስዎትን የክፍያ መልእክት ከፍተው ባለፉት ሁለት ወራት በባቡር የሄዱበትን እያንዳንዱን ቀን ይቁጠሩ። በግምት አይሁን። ሰው “በወር ስንት ቀን ቢሮ ትገባለህ?” ሲባል “ሁልጊዜ” ነው የሚለው። በዓሉ፣ ዓመት ፈቃዱ፣ የታመመበት ቀን፣ ከቤት ሆኖ የሠራበት ሐሙስ ትዝ አይለውም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። “ብዙ ስለምሄድ ያዋጣኛል” እያልኩ ለረጅም ጊዜ ወርሃዊ ትኬት፣ ማለትም አንዴ ተከፍሎ ወሩን ሙሉ የሚያስኬደውን፣ ገዝቻለሁ። አንድ ማታ ካሌንደሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የሄድኩባቸውን ቀናት በእስክሪብቶ ሳከብባቸው አንዱ ወር 14፣ ሌላው 15 ሆነ። እኔ 20 የሚሆን መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ላልሄድኩበት ቀን ስከፍል ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የሚያዋጣዎትን ቁጥር ያውጡ

የወርሃዊውን ትኬት ዋጋ ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ዋጋ ያካፍሉት። ደርሶ መልሱ 10፣ ወርሃዊው 160 ቢሆን መልሱ 16 ነው። በወር ከ16 ቀን በላይ የሚሄድ ሰው ወርሃዊውን ቢገዛ ያተርፋል። 22 ቀን ከሄደ 60 ይተርፈዋል፤ 13 ቀን ብቻ ከሄደ ግን 30 ይከስራል። ቅዳሜና እሁድም የሚጓዙ ከሆነ ይደምሩት፤ ነገር ግን ትኬቱ ባይኖርዎትም ከፍለው ይሄዱባቸው የነበሩትን ጉዞዎች ብቻ ነው የሚደምሩት። “ትኬቱ ስላለኝ” ተብሎ የተወጣ ጉዞ ቁጠባ አይደለም።

የሦስት ወር፣ የስድስት ወርና የዓመት ትኬት በየወሩ ሲሰላ ርካሽ ይሆናል። በብሪታንያ ለምሳሌ የዓመት ትኬት ዋጋ የ40 ሳምንታዊ ትኬቶች ዋጋ ነው፤ ቀሪዎቹ 12 ሳምንታት በነፃ እንደተገኙ ይቆጠራል። በጃፓንም የስድስት ወሩ ትኬት ከአንድ ወሩ ይልቅ ይረክሳል። ሆኖም ሥራ የመቀየር ወይም ቤት የመልቀቅ ሐሳብ ካለዎት አስቀድመው የመመለሻውን ደንብ ያንብቡ። ትኬት ሲመለስ የቀሩት ቀናት ተቆጥረው ገንዘቡ እንዲሁ አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜ የተጠቀሙበት ጊዜ ውድ በሆነው በአጭር ጊዜ ትኬት ዋጋ ተሰልቶ ይቀነሳል፣ የአገልግሎት ክፍያም ይቆረጣል።

ደረጃ 3፦ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ የሚሄዱ ከሆነ

ከወርሃዊና ከነጠላ ትኬት ሌላ አማራጭ መኖሩን ይጠይቁ። ብሪታንያ በ2021 በ28 ቀናት ውስጥ 8 ቀን የሚያስኬድ ትኬት ጀምራለች፤ ከቤትም ከቢሮም ለሚሠሩ ሰዎች የታሰበ ነው። ሌሎች ከተሞች ደግሞ የክፍያ ጣሪያ አላቸው። በኒውዮርክ የምድር ባቡር በ7 ቀናት ውስጥ 12 ጊዜ የከፈለ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉት የሳምንቱ ጉዞዎች በነፃ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ያለበት ከተማ ሆነው ቀናትዎ የሚዋዥቁ ከሆነ፣ አስቀድሞ ትኬት መግዛት ላያስፈልግዎ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ጠዋት በባንክ ካርድ፣ ማታ ደግሞ በስልክ የሚያስነኩ ከሆነ፣ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ሒሳብ ቢሆንም ማሽኑ እንደ ሁለት ተሳፋሪ ሊቆጥርዎ ይችላል፤ ያኔ ጣሪያው ላይ አይደርሱም። አንዱን መርጠው ሁልጊዜ በእሱ ይጠቀሙ። ሲወርዱም ማስነካት ግዴታ በሆነበት መስመር ከረሱ ከፍተኛው ዋጋ ነው የሚቆረጠው። መዝጊያ የሌለው ትንሽ ጣቢያ ላይ ከሰው ጋር እያወሩ ሲወጡ መርሳት ቀላል ነው።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱንና ጣቢያውን ይመርምሩ

በብዙ አገር የግፊያ ሰዓት ትኬት ይወደዳል። በሲንጋፖር በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 1፡45 በፊት ባቡር ለሚገባ ሰው ቅናሽ አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ ቅናሹ የሚጀምረው ግፊያው ካለፈ በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ገብተው ቀድመው መውጣት ወይም አርፍደው መግባት ይችሉ እንደሆነ አለቃዎን ይጠይቁ። ሲጠይቁ የሰዓቱን መርሐ ግብር ጽፈው ይዘው ቢቀርቡ ይሻላል።

ዋጋው በዞን (መስመሩ በተከፈለባቸው የዋጋ ክልሎች) የሚሰላ ከሆነ ካርታውን ቀርበው ይዩት። ጣቢያዎ ከዞኑ ድንበር አንድ ፌርማታ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከድንበሩ ወዲህ ባለው ጣቢያ ወርዶ ቀሪውን በእግር ወይም በብስክሌት መሄድ የዓመቱን ወጪ በግልጽ ይቀንሳል። ጣቢያ ድረስ በመኪና የሚሄዱም የማቆሚያውን ክፍያ ከትኬቱ ጋር ደምረው ያስቡት፤ ርካሽ የመሰለው ጣቢያ በዚህ ምክንያት ሊወደድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ መሥሪያ ቤትዎን ይጠይቁ

የሰው ኃይል ክፍሉ ካልተጠየቀ ላይነግርዎ ይችላል። በፈረንሳይ አሠሪ ከሠራተኛው ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ የትራንስፖርት ትኬት ዋጋ ግማሹን እንዲሸፍን ሕግ ያስገድደዋል፤ ነጠላ ትኬት ግን በዚህ አይካተትም። በአሜሪካ ደግሞ አሠሪው አገልግሎቱን ከሰጠ የጉዞ ወጪ እስከ ተወሰነ መጠን ከግብር በፊት ከደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል። አሠሪው የሚሸፍነው ድርሻ ካለ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ሒሳቡን እንደገና ይሥሩ፤ የኪሳራ መስሎ የነበረው ወርሃዊ ትኬት አሁን ሊያዋጣ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ባቡር ሲዘገይ ገንዘብዎን ይጠይቁ

ሰው ባቡር ሲዘገይ ይበሳጫል እንጂ ቅጽ አይሞላም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ባቡሩ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ዘግይቶ ካደረሰዎት የትኬቱን 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ መጠየቅ ይቻላል፤ አንዳንድ ሁኔታዎች ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። በብሪታንያ ብዙ የባቡር ድርጅቶች ከ15 ደቂቃ መዘግየት ጀምሮ ይከፍላሉ፤ ጥያቄው በ28 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ወርሃዊ ትኬት የያዘም ሰው መጠየቅ ይችላል። ስልክዎ ላይ አንድ ማስታወሻ ከፍተው ቀኑን፣ ባቡሩ መድረስ የነበረበትን ሰዓትና የደረሰበትን ሰዓት እዚያው ባቡር ውስጥ እያሉ ይጻፉት፤ ማታ ቤት ከገቡ በኋላ ደቂቃው ይጠፋል።

ደረጃ 7፦ ራሱን የሚያድሰውን ትኬት ያቁሙ

በራሱ የሚታደስ ትኬት ካለዎት እድሳቱን ያጥፉትና ከማብቂያው ሦስት ቀን በፊት የሚጮህ ማንቂያ ይሙሉ። ማንቂያው ሲጮህ የሚቀጥለውን ወር ካሌንደር ከፍተው በዓሉንና ፈቃዱን ቀንሰው ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ በደረጃ 2 ካወጡት ካነሰ ያን ወር በነጠላ ትኬት ይሂዱ።