በወፍራም አይጦች ላይ የሚደረግ የዘረመል ጥናት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ጂን ይበላሻል፣ አይጧ ትወፍራለች፣ ጂኑም «የውፍረት ጂን» ተብሎ ይጻፋል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በመወፈሯና በመጻፉ መካከል ነው። የወፈረችው ከማን ጋር ስትነጻጸር ነው? ምን እየበላች? በስንት ዲግሪ ክፍል ውስጥ? ከታች የተዘረዘሩትን ስህተቶች ምርምሩን የሚጀምሩ ተማሪዎችም፣ ውጤቱን የሚያነቡ ሰዎችም ይሠሯቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወፍራም አይጥን ሁሉ አንድ በሽታ እንዳለባት መቁጠር

«ኦቢ» የተባለው ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) በ1949፣ «ዲቢ» የተባለው ደግሞ በ1965፣ ሁለቱም በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ በአጋጣሚ ተገኙ። እነዚህ ሚውቴሽኖች ያሉባቸው ሁለቱም አይጦች ጠግበው አያውቁም፤ ክብደታቸው ከጤነኛዋ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዐይን ብቻ ቢያዩዋቸው አይለዩም።

የለያቸው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ዳግላስ ኮልማን ነው። ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ሲያያይዛቸው ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይገናኙና በአንዷ ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ጤነኛዋን ከዲቢ ጋር ሲያገናኛት ጤነኛዋ መብላት አቁማ በረሃብ ሞተች፤ ዲቢዋ ግን መብላቷንና መወፈሯን ቀጠለች። ኦቢን ከዲቢ ጋር ሲያገናኛት ደግሞ ያለቀችው ኦቢ ናት። ኦቢና ጤነኛ ሲገናኙ ሁለቱም ተርፈው፣ ኦቢዋ የምትበላው ቀነሰ። ከዚህ የተነሣ ኮልማን እንዲህ ሲል ደመደመ፦ ኦቢ የጥጋብ ምልክቱን አትሠራም፣ ሲመጣላት ግን ትሰማለች። ዲቢ ምልክቱን ከልክ በላይ ትሠራለች፣ ራሷ ግን አትሰማም። ጂን ሳይነካ፣ በመርፌና በክር ብቻ የተደረሰበት ድምዳሜ ነው፤ በዚህ መስክ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ ማግኘት ይከብዳል።

በታኅሣሥ ወር 1994 በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን የኦቢን ጂን ይፋ አደረገ። ጂኑ የሚሠራው ሆርሞን ሌፕቲን ተባለ። በኦቢ አይጥ 105ኛው የአሚኖ አሲድ ቦታ ላይ «አቁም» የሚል ምልክት ስለገባ ሆርሞኑ ሳይጠናቀቅ ይቀራል። በዲቢ የተበላሸው የሌፕቲን ተቀባዩ ነው፤ መልእክቱን ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፈው ረጅም ጅራቱ ይጎድላል። ስለዚህ ሌፕቲን ሲወጉ ኦቢ ትከሳለች፣ ዲቢ ምንም አትሆንም። በ1961 የተገለጸው ዙከር የተባለው ወፍራም አይጠ መጎጥም ችግሩ ተቀባዩ ላይ ስለሆነ የሚመደበው ከዲቢ ጋር ነው።

ቢጫዋ የአጉቲ አይጥ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ናት። በእሷ አጉቲ የተባለው የፀጉር ቀለም ፕሮቲን ያለ ቦታው ተሠርቶ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ «ሜላኖኮርቲን 4» የተባለውን ተቀባይ ይዘጋዋል። ሁለት ቢጫ አይጦችን ካዳቀሉ በኋላ ሩቡ የጎደለ መስሏቸው የሚደናገጡ አሉ። የቢጫውን ጂን ሁለት ቅጂ የወረሱት ፅንሶች ሳይወለዱ ስለሚሞቱ፣ የሚጠበቀው ሁለት ቢጫ ለአንድ ቢጫ ያልሆነ ነው።

ጂኑን ይዞ የዘር መሠረቱን መርሳት

ያው ኦቢ ሚውቴሽን «ሲ57ብላክ6» በተባለው ዝርያ ላይ ሲሆን የደም ስኳሩ ለጊዜው ይጨምራል፤ ከዚያ ቆሽቷ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች አብዝቶ ይቋቋመዋል። «ብላክ ኬኤስ» ላይ ሲሆን ግን ሴሎቹ ያልቃሉ፣ ስኳሩ አይወርድም፣ አይጧም ያለ ዕድሜዋ ትሞታለች። ሚውቴሽኑ አንድ፣ በሽታው ሁለት ነው።

ወጥመዱ ያለው ግዢው ላይ ነው። ኦቢ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በብላክ6፣ ዲቢ ደግሞ በብላክ ኬኤስ መሠረት ነው። ሁለቱን ገዝቶ «ዲቢ ከኦቢ የከፋ ስኳር አለባት» ብሎ መጻፍ ዝርያውን ከጂኑ ጋር ማምታታት ነው። ብላክ6 በሚለው ስም ሥር እንኳ ልዩነት አለ፦ የጃክሰኑ «6ጄ» ኤንኤንቲ በተባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ላይ ጉድለት አለበት፣ «6ኤን» ግን የለበትም። ይህ ጉድለት የኢንሱሊን አመነጫጨትን ይነካል። የዘዴ ክፍሉ ላይ «ብላክ6» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ከሌላ ዝርያ የመጣን የተበላሸ ጂን ወደ ብላክ6 አሥር ትውልድ መልሶ ማዳቀል እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ከጂኑ ግራና ቀኝ ግን በአማካይ በድምሩ 20 ሴንቲሞርጋን (የክሮሞሶም ርቀት መለኪያ) የሚያህል የቀድሞው ዝርያ ክሮሞሶም አብሮ ይቀራል። እዚያ ውስጥ ብዙ ሌሎች ጂኖች ስላሉ፣ ውፍረቱን ያመጣው ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ማነጻጸሪያውን ከውጭ መግዛት

ወፍራሟ በራስዎ ቤተ ሙከራ ተወልዳ፣ ቀጭኗ ከሻጭ የመጣች ከሆነ የሚለያቸው ጂኑ ብቻ አይደለም። የአንጀት ባክቴሪያቸው፣ ጡት ያጠባቻቸው እናት፣ የተጓዙበት መንገድ ሁሉ ይለያያል። ማነጻጸሪያዋ ከዚያው ማኅፀን የወጣች እኅት ወይም ወንድም መሆን አለባት።

ኦቢዎች መካን ስለሆኑ የሚዳቀሉት አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ ቅጂ የያዙ ወላጆች ናቸው። ከግልገሎቹ ሩቡ ኦቢ፣ የኦቢዎቹም ግማሽ ወንድ ይሆናል። አሥር ወንድ ኦቢ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሰማንያ ግልገል ማሰብ አለበት፤ ሠላሳ ግልገል ታቅዶ የተጀመረ ሥራ መሐል ላይ ይቆማል። ውፍረቱ በዐይን የሚለየው በአራት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለሚደረግ መለኪያ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚመረምር ዘዴ) ግድ ነው። የኦቢ ሚውቴሽን «ዲዲኢ-አንድ» ለተባለው ቆራጭ ኢንዛይም አዲስ መቁረጫ ቦታ ስለሚፈጥር፣ የበዛውን ዲኤንኤ ቆርጦ ጄል ላይ ማየት ይበቃል። ኢንዛይሙ በደንብ ካልቆረጠ ግን ኦቢዋ አንድ ጤነኛ ቅጂ ያላት ትመስላለች። ስለዚህ ማንነቷ የታወቀ የኦቢ ናሙና በየጄሉ ይካተት።

በብላክ ኬኤስ ዲቢ መስመር «ሚስቲ» የተባለ የፀጉር ቀለም ጂን ከጥንዱ ክሮሞሶም ዲቢ በሌለበት ላይ አለ። ወፍራም ጥቁሮቹ ዲቢ፣ ቀጭን ጥቁሮቹ አንድ ዲቢ ቅጂ የያዙ፣ ግራጫዎቹ ዲቢ የሌለባቸው ናቸው። ግራጫዎቹን «ጤነኛ» ብሎ ማነጻጸሪያ ማድረግ ያጓጓል፤ ሚስቲ ራሱ ግን ሙቀት የሚያመነጨውን ቡኒ ስብ ስለሚነካ አይመከርም።

ክሪ የተባለውን ኢንዛይም ተጠቅሞ ጂንን በአንድ አካል ብቻ የሚያጠፋም ሰው፣ ክሪ ብቻ ያላቸውን አይጦች በማነጻጸሪያነት ያካትት። ኔስቲን-ክሪ የሚባለው መስመር ሌላ ጂን ሳይጠፋበትም አይጧን ያሳንሳታል።

ቅባታም ምግብን ከተራ የአይጥ ምግብ ጋር ማነጻጸር

የተለመደው «ዲ12492» የተባለው ቅባታም ምግብ ከካሎሪው 60 በመቶውን ከስብ ያገኛል። ተራው የአይጥ ምግብ ከእህልና ከአኩሪ አተር የሚሠራ ስለሆነ ቃጫውም፣ ፕሮቲኑም፣ ኤስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገሩም የተለየ ነው። ትክክለኛው ተጓዳኝ ከተመሳሳይ የተጣሩ ግብዓቶች የተሠራ፣ 10 በመቶ ስብ ያለው፣ ስኳሩም የተመጣጠነ ምግብ ነው። ቅባታሙ ምግብ ለስላሳ ስለሆነ ይፈረፈራል። ከመጋቢያው ላይ የጎደለውን ብቻ መዝኖ «በላችው» ማለት ስህተት ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ የወደቀው ተለቅሞ ይመዘን። ስቡም ስለሚበላሽ ክምችቱ በበረዶ ቤት ይቀመጥ፣ የቀረበውም ቢያንስ በየሳምንቱ ይቀየር።

የጉልበት ፍጆታን በሰውነት ክብደት ማካፈል

በብዛት የሚታየውና ብዙ ጽሑፍ ያበላሸው ስህተት ይህ ነው። ለምሳሌ 25 ግራም የምትመዝን ቀጭን አይጥ በቀን 10 ኪሎ ካሎሪ፣ 50 ግራም የምትመዝን ወፍራም ደግሞ 12 ኪሎ ካሎሪ ታቃጥላለች እንበል። ወፍራሟ በጥቅሉ የበለጠ አቃጥላለች። በክብደት ሲካፈል ግን ቀጭኗ በግራም 0.40፣ ወፍራሟ 0.24 ይሆንና «ጂኑ የጉልበት ፍጆታን ቀነሰ» ተብሎ ይጻፋል። የተጨመረው 25 ግራም አብዛኛው ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ከጡንቻና ከጉበት ጋር ሲወዳደር የሚያቃጥለው እጅግ ጥቂት ነው። ያካፈልነው በስብ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው የእያንዳንዷን አይጥ ጠቅላላ ፍጆታ ማሳየትና ክብደትን፣ ከተቻለም ስብንና ከስብ ውጭ ያለውን አካል ለየብቻ፣ ኮቫርያንስን በሚያካትት (የክብደት ልዩነትን ከግምት በሚያስገባ) ስታቲስቲክስ ማስላት ነው። ይህ ማለት ግን ፍጆታ አይለወጥም ማለት አይደለም። ኦቢ አይጥ ቀጭኗ የምትበላውን ያህል ብቻ ቢሰጣትም ከእሷ የበለጠ ስብ ታከማቻለች፤ ሁሉም ነገር ከአፍ የመጣ አይደለም።

የክፍሉን ሙቀት አለመጻፍ

22 ዲግሪ ለሰው ምቹ ነው፣ ለአይጥ ግን ብርድ ነው። አይጥ ለማሞቂያ ተጨማሪ ጉልበት የማታወጣው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ22 ዲግሪ የጉልበት ለውጥ ያሳየ ጂን በ30 ዲግሪ ምንም ላያሳይ ይችላል። ኦቢ አይጥ ደግሞ ሙቀቷን መጠበቅ ያቅታታል፤ 4 ዲግሪ ውስጥ ከገባች በሰዓታት ትሞታለች።

የስኳር ምርመራውን በክብደት መመጠን

በኪሎ 2 ግራም ግሉኮስ ሲባል 25 ግራሟ 50 ሚሊግራም፣ 50 ግራሟ 100 ሚሊግራም ትቀበላለች። ስኳሩን የሚወስደው ጡንቻ ግን እጥፍ አልሆነም። ወፍራሟ ስኳር መቋቋም ያቃታት የሚመስለው በከፊል እጥፍ ስለተሰጣት ነው። መጠኑ ከስብ ውጭ ባለው ክብደት ይሰላ፣ ወይም ለሁሉም እኩል ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ማስራብም አይጥን ክፉኛ ያከሳል፤ ከጠዋት ጀምሮ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰዓት ያህል ማስራብ ይበቃል።

ከአይጥ ወደ ሰው መዝለል

እንደ ኦቢ አይጥ ሌፕቲን የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሕፃናት የተገለጹት በ1997 ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ሆርሞኑ ሲሰጣቸው ከስተዋል። ነገር ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ወፍራም ሰው ደሙ ውስጥ ሌፕቲን ሞልቶታል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ሌፕቲን ብዙም አልረዳውም። ሜትረሌፕቲን የተባለው መድኃኒት በ2014 በአሜሪካ የተፈቀደው ለተራ ውፍረት ሳይሆን የሰውነት ስባቸው ለጠፋባቸው ሕሙማን ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም መሳት አለ። በሰው ኤፍቲኦ በተባለው ጂን ውስጥ ያለ የዲኤንኤ ልዩነት ከውፍረት ጋር ሲያያዝ፣ ብዙዎች ወዲያው አይጥ ላይ ኤፍቲኦን ወደ ማጥፋት ሮጡ። በ2014 ግን ያ የዲኤንኤ ክፍል ራቅ ብሎ ያለውን አይአርኤክስ3 የተባለ ጂን እንደሚቆጣጠር ታየ፤ አይአርኤክስ3 የሌላቸው አይጦችም ክብደታቸው ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከሰው ጥናት የመጣን ምልክት ይዞ አይጥ ከማራባት በፊት፣ ያ ቦታ በየትኛው ሴል የትኛውን ጂን እንደሚነካ ማጣራት ይቀድማል።