ከሕፃን ጋር ረጅም በረራ፦ ከአዳማ ሲነሱ ወንበር እንዴት እንደሚያዝ

ባሏ አሜሪካ ያለ እናት፣ የልጅ ልጇን ይዛ የምትሄድ አያት፣ ዲቪ ደርሷቸው ከነልጃቸው የሚጓዙ ባልና ሚስት፤ አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገደኛ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ስለ ቪዛው፣ ስለ ሻንጣው ኪሎ፣ በርበሬውና ሽሮው እንዴት እንደሚታሸግ ሁሉም አጥብቆ ይጠይቃል። ሕፃኑ ከአሥር ሰዓት በላይ የት ይተኛል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቦሌ፣ ቼክ ኢን የምትሠራው ልጅ ፊት ሲቆሙ ነው። በዚያን ሰዓት ጥሩ ጥሩዎቹ ወንበሮች ተይዘው አልቀዋል። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ የሕፃን ቦታ የሚያዘው ትኬቱ በሚቆረጥበት ቀን ነው።

አንደኛ፦ በጭን ነው ወይስ በራሱ ወንበር?

ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው። 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ በአዋቂ ጭን መሄድ ይችላል። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለዚህ የሚያስከፍሉት ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ አካባቢ ሲሆን ግብርና ሌሎች ክፍያዎች ይታከሉበታል። ትኬት ቢሮ «ኢንፋንት» የሚሉት ይህንን ነው። በዚህ ትኬት ልጁ ስሙ ይመዘገባል እንጂ ወንበር የለውም። የራሱ ወንበር እንዲኖረው ከፈለጉ የልጅ ትኬት ይቆረጥለታል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአዋቂው 75 በመቶ ገደማ ነው።

አንድ አዋቂ በጭኑ መያዝ የሚችለው አንድ ሕፃን ብቻ ነው። መንታ ይዛ ብቻዋን የምትሄድ እናት ለአንደኛው ወንበር መግዛት ግድ ይሆንባታል።

ዕድሜውን ሲቆጥሩ ይጠንቀቁ። አየር መንገዱ የሚያየው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ነው፤ የሚቆጥረውም በእያንዳንዱ በረራ ቀን ነው። ልጁ ሄዶ እስኪመለስ 2 ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመልሱ ጉዞ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ይህንን ሳያዩ ደርሶ መልስ ቆርጠው መመለሻው ቀን ላይ የሚደናገጡ ቤተሰቦች አሉ። ትኬት ሲቆርጡ የልደት ቀኑን ጮክ ብለው ይናገሩና የመልሱንም ቀን አብረው ያሰሉ።

ሁለተኛ፦ ባሲኔቱን ይጠይቁ፣ ልጁ ግን ይመጥነው እንደሆነ አስቀድመው ይለኩ

ባሲኔት አውሮፕላኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ትንሽ የሕፃን አልጋ ነው። የሚገጠመው በየክፍሉ ከፊቱ ግድግዳ ባለበት የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ብቻ ስለሆነ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ቁጥር ጥቂት ነው። አልጋው ራሱ ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች ግን ያንን ረድፍ እግር መዘርጊያ ሰፊ ነው ብለው በተጨማሪ ክፍያ ይሸጡታል፤ ስለዚህ ሕፃን የሌለው ሰው ቀድሞ ሊገዛው ይችላል።

ክብደቱን ብዙዎቹ 10 ወይም 11 ኪሎ አካባቢ ይገድባሉ። የአልጋው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰው የሚጨነቀው ስለ ኪሎው ነው፤ ቀድሞ የሚሞላው ግን ቁመቱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ የመካከለኛ ወንድ ልጅ ቁመት በ6 ወሩ 67 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በ9 ወሩ 72፣ በ1 ዓመቱ ከ75 በላይ ነው። በ9 ወሩ ክብደቱ ገና 9 ኪሎ አካባቢ ሆኖ እግሩ ግን የአልጋውን ጫፍ መንካት ጀምሯል ማለት ነው። ለ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ኪሎውን ብቻ አስመዝነው አይመለሱ፤ ቁመቱንም ያስለኩና ይጻፉት።

ልጁ የሚመጥነው ከሆነ ትኬት ሲቆርጡ እንዲህ ይበሉ፦ «ሕፃን ይዣለሁ። ባሲኔት ያለበት ወንበር ይያዝልኝ፣ መያዙም ተጽፎ ይሰጠኝ።» ወኪሉ «ማስታወሻ አስገብቻለሁ» ቢልዎ በዚያ አይርኩ። ማስታወሻው ጥያቄ ነው፤ የወንበር ቁጥር ሲሰጥዎ ነው ተያዘ የሚባለው። ጉዞው በሁለት አየር መንገድ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለበት፣ ስታር አላያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ትኬቱ አንድ ሆኖ ሁለተኛውን በረራ ሌላ አባል አየር መንገድ ሊያበረው ይችላል፤ ለመጀመሪያው የተያዘ ባሲኔት ወደ ሁለተኛው በራሱ አይተላለፍም።

እውነቱን ለመናገር ባሲኔት ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እጅ ያርፋል፣ እናትም ሁለት ጉርሻ በሰላም ትጎርሳለች። ነገር ግን ሲነሳና ሲያርፍ አይገጠምም። በመሃል አውሮፕላኑ መናወጥ ከጀመረና የቀበቶ ምልክቱ ከበራ ሆስተሷ መጥታ ልጁን አንሺው ትላለች፤ ስንት እሹሩሩ ተብሎ የተኛ ልጅ ቢሆንም ይነሳል። ይህንን አውቀው ይግቡ።

መቀመጥና መንፏቀቅ ለጀመረ ልጅ ግን፣ ከ9 ወር በላይ ከሆነ በተለይ፣ ያንን ረድፍ እኔ አልመክርም። የምግቡ ጠረጴዛ የሚወጣው ከክንድ መደገፊያው ውስጥ ስለሆነ መደገፊያው ወደ ላይ አይነሳም፤ ልጁን በሁለት ወንበር ላይ ጋደም ማድረግ አይቻልም። ከፊትዎ ወንበር ስለሌለም ሲነሳና ሲያርፍ ቦርሳዎ ከላይ ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ይገባል፤ ጡጦው የሚያስፈልገው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፦ ባሲኔት ከሌለ የትኛው ወንበር?

ከቦሌ ረጅም መንገድ በሚበሩት ቦይንግ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ አቀማመጡ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሲሆን በመካከላቸው ሁለት መተላለፊያ አለ።

ባልና ሚስት ከሆኑ የመስኮቱንና የመተላለፊያውን ዳር ይያዙና መሃሉን ይተዉት። በረራው ካልሞላ ብቻውን የሚጓዝ ሰው መሃል ወንበር አይመርጥም፤ ቦታው ለልጁ ይተርፋል። ሰው ቢመጣም «ወንድሜ፣ ዳሩን ይውሰዱና እኛ አብረን እንሁን» ቢሉት እምቢ የሚል አይገኝም።

ብቻዎን ከሆኑ ምርጫው ከባድ ነው። መስኮት ጋ ነጠላ ጣል አድርጎ ለማጥባት ይመቻል፤ ራስንም ግድግዳው ላይ ማስደገፍ ይቻላል። ለመነሳት ግን ሁለት ሰው መቀስቀስ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ለምትጓዝ እናት የእኔ ምክር መተላለፊያው ዳር ነው፤ ዳይፐር መለወጥና ልጅን አዝሎ መንጎራደድ የሰው ፈቃድ አይጠይቃትም።

ከዳር ወንበሮችም ልዩነት አለ። ቀኝ እጇን የምትጠቀም እናት አብዛኛውን ጊዜ የልጁን ራስ በግራ ክንዷ ታስተኛለች። መተላለፊያው በቀኟ በኩል የሆነ ወንበር ከያዘች የልጁ ራስ ወደ ውስጥ ይሆናል፣ ቀኝ እጇም ውሃ ለመቀበል ነፃ ይወጣል። መተላለፊያው በግራዋ ከሆነ ግን የምግብ ጋሪውም፣ የአላፊው ክርንም፣ ትኩስ ሻዩም የሚያልፈው በልጁ ራስ አጠገብ ነው። ስለዚህ ከግራው መደዳ ወይም ከመሃለኛው መደዳ መተላለፊያው በቀኝ የሚሆንበትን ዳር ይጠይቁ። ግራኝ ከሆኑ በተቃራኒው።

የኋላ ረድፎችን ብዙ ሰው ይሸሻቸዋል። ሽንት ቤቱና የሆስተሶቹ ማዕድ ቤት አጠገብ ናቸው፤ ሰው ይበዛባቸዋል። ለሕፃን ግን ቆሞ የሚወዛወዙበት ቦታ እዚያ ነው ያለው፣ ሙቅ ውሃም ቅርብ ነው። መውጣት ላይ ይዘገያሉ፤ ቀጣዩ በረራ የሚያጣድፍ ከሆነ ብቻ ወደ ፊት ይምረጡ።

የአደጋ ጊዜ መውጫ ያለበት ረድፍ ላይ ሕፃን የያዘ ሰው አይቀመጥም፤ አይጠይቁት። ሁለት እህትማማቾች እያንዳንዳቸው ሕፃን ይዘው ከሆነ ደግሞ አንድ ባለ ሦስት መደዳ ላይ አብረው ላይቀመጡ ይችላሉ። ከላይ የሚወርደው የኦክስጅን ጭንብል በየመደዳው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ቁጥር በአንድ ብቻ ነው የሚበልጠው፣ ለሁለት ሕፃን አይበቃም። መተላለፊያውን በመሃል አድርገው ጎን ለጎን ይያዙ።

አራተኛ፦ አቅም ካለ የራሱን ወንበር ይግዙለት

ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ሁሉም ቤተሰብ እንደማይችለው አውቃለሁ። ለሚችል ግን ከሁሉም አስተማማኙ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ፣ ሱ ሲቲ ላይ ዲሲ-10 አውሮፕላን ሲከሰከስ በጭን የተያዙ አራት ሕፃናት ነበሩ፤ አንዱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሕፃናት የራሳቸው ወንበርና ማሰሪያ ይኑራቸው የሚለው ክርክር በርትቷል። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤትም አያስገድድም እንጂ አጥብቆ ይመክራል።

ወንበር ሲገዛለት ልጁ የሚቀመጠው በመኪና የሕፃን ወንበር፣ ማለትም በካር ሲት ነው። ካር ሲቱ ላይ ለመኪናም ለአውሮፕላንም የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ አሜሪካ የተሠሩት ላይ በቀይ ፊደል ተጽፏል። ስፋቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወንበሩ ላይ ላይገባ ይችላል። ሌላውን ሰው መውጫ እንዳይዘጋ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው መስኮት ጋ ነው። አዳማ ካር ሲት እንደ ልብ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስቀድሞ ቢላክ ጥሩ ነው።

በጭን ለሚሄድ ልጅ ብዙ አየር መንገዶች ከእናቱ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ይሰጣሉ። ካልሰጡዎ ይጠይቁ። የአሜሪካ አየር መንገዶች ግን አይጠቀሙበትም። ዋሽንግተን ወርደው ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ዳላስ በአሜሪካ አውሮፕላን የሚቀጥሉ ከሆነ ሲነሳና ሲያርፍ ልጁን በክንድዎ ብቻ ነው የሚይዙት። አንቀልባም ሆነ የጨርቅ ማዘያ በእነዚህ ሰዓታት እንዲፈታ ይደረጋል።

አምስተኛ፦ ከመነሳትዎ 3 ቀን በፊትና በጉዞው ዕለት

3 ቀን ሲቀረው ደውለው ወይም ትኬት ቢሮ ሄደው የወንበሩን ቁጥር እንደገና ያረጋግጡ። አውሮፕላኑ በሌላ ዓይነት ከተቀየረ የወንበር ቁጥሩም ባሲኔቱም ሊጠፋ ይችላል፤ ማንም ደውሎ ላይነግርዎ ይችላል። ኦንላይን ቼክ ኢን ሕፃን ያለበትን ትኬት አንዳንዴ አይቀበልም፤ እንዲህ ከሆነ ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ቀላል ነው፤ ጊዜ የሚበላው ከዚያ ወዲያ ያለው የከተማው መንገድ ነው። ከበረራው 4 ሰዓት ቀድመው ቦሌ ለመድረስ አስበው ይውጡ። ቼክ ኢን ላይ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ባሲኔቱ መያዙን፣ ቀጥሎም «በረራው ሞልቷል ወይ?» ካልሞላ «እህቴ፣ ከጎኔ ያለውን ባዶ ተይልኝ» ይበሏት። ትሕትና ባለው ቃል ሲጠየቁ ከቻሉ ያደርጉታል።

ስድስተኛ፦ ገብተው ሲቀመጡ

አንድ ዳይፐር፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ጡጦና አንድ ቅያሪ ልብስ በትንሽ ፌስታል ለይተው ኪስዎ ወይም ጭንዎ ላይ ያቆዩ። ሲነሳና ሲያርፍ ያጥቡት ወይም ጡጦ ይስጡት፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል።

«ከፍታው ልጁን ያፍነዋል» ብለው ለሚሰጉ አያቶች ይህን ይንገሯቸው፦ ድሪምላይነር ውስጥ ያለው አየር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ካለ ቦታ አየር ጋር እኩል ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ አዳማ ራሷ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ልጁ በላይ ሲበር የሚተነፍሰው ከለመደው ብዙም ያልራቀ አየር ነው።

ባሲኔቱን ሆስተሷ የምትገጥመው አውሮፕላኑ ከተነሳና የቀበቶ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ነው። እስክትመጣ አይጠብቁ፤ ይጥሯትና ይንገሯት። ልጁን ሲያስተኙት በባሲኔቱ ማሰሪያ ይሰሩት፣ ፊቱን በጋቢ አይሸፍኑ።

ሰባተኛ፦ ከመውረድዎ በፊት የሚያልቅ አንድ ጉዳይ

በአሜሪካ ሁሉም ግዛቶች ሕፃን ያለ ካር ሲት በመኪና መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው። ኤርፖርት የሚቀበልዎ ሰው ከአዳማ ከመነሳትዎ በፊት የልጁ ኪሎና ቁመት ይነገረውና በልኩ ገዝቶ፣ መኪናው ላይ አስሮ ይምጣ።