ሐይቅ ዳር ያለ ሴፕቲክ ታንክ፦ ችግርና መፍትሄ

ሽንት ቤቱ ውሃ አልወስድ ብሏል

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለመምጠጫ መኪና ነው። ከዚያ በፊት የሴፕቲክ ታንኩን፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ ተቀብሎ ዝቃጩን የሚያስቀረውን የተቀበረ ታንክ፣ ክዳን ከፍታችሁ ውሃው የት እንደቆመ እዩ። ክብሪትና ሲጋራ አታስጠጉ፤ ወደ ውስጥም ማንም አይግባ፣ ጋዙ ይገድላል።

ውሃው ከመውጫው ቱቦ አፍ ጋር እኩል ከሆነ ታንኩ ጤነኛ ነው። የተዘጋው ከቤት እስከ ታንክ ያለው መስመር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው ቲ (የ"T" ቅርጽ ያለው የቱቦ መጋጠሚያ) ላይ ጨርቅና የረጋ ቅባት ተወትፎ ይገኛል። በረጅም ዘንግ ወግታችሁ አስለቅቁት። በየወሩ ከተመላለሰ ቁልቁለቱን ለኩ፦ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት።

ውሃው ከመውጫው በላይ ከሆነ መሄጃ አጥቷል። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። የጠቆረው የዝቃጩ ልክ ነው። ዝቃጩና ከላይ የተንሳፈፈው ቅርፊት ተደምረው የውሃውን ጥልቀት ሲሶ ካለፉ አስመጥጡ፤ መውጫው ቲ አለመሰበሩንም አረጋግጡ፣ ከሌለ ቅባቱ ሄዶ ማስረጊያውን (ከታንኩ የወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበትን ጉድጓድ) ይደፍናል። ዝቃጩ ትንሽ ሆኖ ውሃው ከሞላ ግን ጥፋቱ ማስረጊያው ጉድጓድ ላይ ነው።

በጋ ደህና ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ይሞላል

በወሎዋ ሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ የሐይቁ ዳር ላይ ላሉ ቤቶች ዋናው ችግር ይኸ ነው። በተመጠጠ በሁለት ቀን ተመልሶ ከሞላና ውሃው ጠራ ካለ፣ የገባው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ደጋግሞ ማስመጠጥ ገንዘብ መጣል ነው። ማስረጊያ ጉድጓዱን ማጥለቅ ደግሞ ይብሳል፤ ፍሳሹን ከጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ጋር ማገናኘት ነው።

መጀመሪያ የጣሪያውን ውሃ እዩ። አሸንዳውን ወደ ማስረጊያው የለቀቀ ቤት አይጠፋም። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 1,500 ሊትር ይሰጣል፤ ስድስት ሰው በቀን 50 50 ሊትር ቢጠቀም የአምስት ቀን ፍሳሽ ማለት ነው።

ከዚያ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አሳድሩና ውሃው የቆመበትን ለኩ። የማስረጊያው ወለል ከዚያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ውሃው ከመሬት ገጽ 1.2 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ እዚያ ቦታ ላይ ጉድጓድ አይሆንም። ያለው አማራጭ ወደ ላይ መሥራት ነው፦ ወለሉና ግድግዳው ውሃ የማያሳልፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጠጠር የተሞላ፣ ሸምበቆ ወይም ፊላ የተተከለበት መደብ። ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 5 ካሬ ሜትር ያዙ፤ ውሃው ከጠጠሩ ገጽ 5 ሳንቲ ሜትር በታች ይቁም፣ ካለፈ ትንኝ ይራባል። የታጠቡ ጠጠሮች ይሁኑ፤ አፈር የያዘ ጠጠር ቶሎ ይደፈናል።

ትርፉን በቱቦ ወደ ሐይቁ መልቀቅ ቀላል ይመስላል። የከተማዋ ሐይቅ፣ ሎጎ፣ ግን በገጽ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ከጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውን ይቀበላል እንጂ አይሰድም። ከሽንትና ከሳሙና የሚሄደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እዚያው ተጠራቅሞ አልጌውን ያፋፋል።

የተቀበረው ሮቶ (የፕላስቲክ ታንክ) ከመሬት ብቅ አለ

በክረምት ባዶ ስለተደረገ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንክ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲሆን 2 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። በክረምት ሙልጭ አድርጋችሁ አታስመጥጡ፤ ግድ ካለም ወዲያው ውሃ ሙሉበት። አዲስ ስትቀብሩ ኮንክሪት ወለል ላይ በማሰሪያ እሰሩት።

ሽታው በረታ

በረኪና በብዛት ከገባ ዝቃጩን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የጠላ አተላም አይደፋ፤ ለከብት ነው የሚሆነው። እርሾ ጨምሩ የሚለው ምክር ጥቅም የለውም። ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ከታንኩ በፊት ባለ ሁለት ክፍል ቅባት ማጥመጃ ያስፈልገዋል፣ በየሳምንቱ የሚጠረግ። ትኩስ ውሃና ላርጎ ቅባቱን አያጠፉትም፤ ቱቦው ሲቀዘቅዝ እዚያ ይረጋል።