ኬሞ ላይ ያለች ደራሲ ጓደኛን ማገዝ፦ ድሬዳዋ ላይ

ጓደኛችሁ የመጀመሪያ መንፈሳዊ ልብወለዷን ለማተሚያ ቤት ልትሰጥ ስትል ካንሰር ከተገኘባት፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ መጠየቁ ይደረስበታል። መጀመሪያ የግድግዳ ካላንደርና ቴርሞሜትር ግዙ። ከእንግዲህ የመጽሐፉን ሥራ የሚመራው የማተሚያ ቤቱ ቀጠሮ ሳይሆን የኬሞው ዙር ነው።

ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ የእሷን ከሐኪሟ ጠይቃችሁ ካላንደሩ ላይ አስምሩ። ቀኑ የሚቆጠረው ኬሞ ከወሰደችበት ዕለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ አብሮ ከታዘዘላት፣ እንቅልፍ ሊያሳጣት ይችላል፤ ሌሊት ተነስታ አንድ ምዕራፍ እንዳለ ልትሰርዝ ትችላለች። የዚያን ሳምንት ፋይል በቀኑ ስም ለብቻው አስቀምጡት እንጂ የድሮው ላይ አትገልብጡ። በ21 ቀኑ ዙር ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ብዙ ጊዜ ነጭ የደም ሴሏ ይወርዳል፣ ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይይዛታል፤ ቤቱ ሰው የማይበዛበት ጊዜ ይህ ነው። እርማት ከ15ኛው እስከ 20ኛው ቀን ይሠራል፤ በአንዴ ከ30 ደቂቃ አይለፍ።

ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «እስኪነጋ እንይ» ማለት ትኩሳቱን ይደብቃል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ይቀጥላል። ሕክምናዋ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቢሆንም በዚያ ሰዓት ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት አትውጡ፤ እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ድል ጮራ ሆስፒታል ቅርብ ነው። በር ላይ የምትሉት ቃል «ኬሞ ላይ ናት» ነው። የመድኃኒቶቹን ስምና የመጨረሻውን ቀን የያዘ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ፣ የአንድ የታመነ ባጃጅ ሹፌር ቁጥር ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። ለመደበኛው ቀጠሮ ወደ ሐረር ስትወጡ ፊት ወንበር ትቀመጥ፤ ጥምዝምዙ ያቅለሸልሻልና የማቅለሽለሽ መድኃኒቷን ከመነሳታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ትዋጥ።

አፏ ከቆሰለ በርበሬ አይቀመስም፤ አጥሚት፣ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ አልጫ አቅርቡ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በፍጹም። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ላይ ከዋለ፣ የቁልቢ ስለቷን ሌላ ሰው ያድርስላት፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ስክሪን ሲያደክማት አንብቡላት። ድሬ ሙቀቷ ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ቬንትሌተሩ ወረቀቱን እንዳይበትነው ወደ እግሯ ዞሮ፣ እሷ ጋደም ብላ እናንተ ድምፅ አውጥታችሁ። ዓረፍተ ነገሩ ካልጣማት ጣቷን ታነሳለች፤ ኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። አስተያየት አትስጡ፣ ክርክር አትክፈቱ። ስትበረታ ምልክት ያለበትን ብቻ ራሷ ታስተካክላለች። ልታሳጥሩላት የምትችሉት የእሷን ድካም እንጂ ዓረፍተ ነገሯን አይደለም።

የመንፈሳዊ ልብወለድ የተለመደ ጉድለቱ ገጸ ባሕርዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ሰባኪ መሆኑ ነው። ይህን በጥያቄ ንገሯት፦ «ይህን ሲናገር ማን እየሰማው ነው?» የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶቹን ግን አንድ በአንድ አመሳክሩ። የ1954ቱን ትርጉምና አዲሱን መደበኛ ትርጉም እንዳትቀላቅል አንዱን ታስመርጣላችሁ። መዝሙረ ዳዊት ላይ ቁጥሩ ራሱ ይለያያል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በአንዱ አቆጣጠር 22፣ በሌላው 23 ነው። ኦርቶዶክሷ ገጸ ባሕርይ በጭንቋ ሰዓት የንስሐ አባቷን እንጂ ፓስተር አትጠራም። የመጋላ ሰፈር ጎረቤቷ «ኢንሻአላህ» ካለም ይበል፤ ድሬ ነው እንጂ ሌላ የት ሊባል!

ጽሑፉ በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መተየቢያ፣ የተተየበ ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል። የትኛውም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዩኒኮድ አስለውጡና ኋ፣ ጓ፣ ቧን እንዲሁም ነጠላ ሰረዙን በዓይን ፈትሹ። የሞክሼ ፊደላት (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ) አጻጻፍም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን። ገጹ በ16 የሚካፈል ቢሆን ወረቀት አይባክንም፦ 200 ከሚሆን 192 ወይም 208። ስሕተት የሚያዘው ፕሌት (የማተሚያው ሰሌዳ) ሳይወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፕሌት ያስከፍላል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፣ የመጨረሻውን ፕሩፍ (ለእርማት የሚወጣውን ናሙና) የምታነብበት ቀን ከ15ኛው ቀን ወዲህ መዋሉን ካላንደሩ ላይ እዩ።

ጠያቂ ሁሉ «ይህ ለምስክርነት ነው» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «እምነትሽ ቢጸና ኖሮ» ብሎ ይጀምራል፤ እሱን ሻይ አጠጥታችሁ በር ድረስ ሸኙት። ሕመሟ የጀርባ ሽፋን ላይ መግባት አለመግባቱን የምትወስነው እሷ ብቻ ናት። ለመጽሐፍ መሸጫ ይጠቅማል ብሎ በቴሌግራም መለጠፍ ነውር ነው።

ስለ መጽሐፉ መብት ማውራት ከበደኝ ብላችሁ አትለፉት። ሰነዶች ማረጋገጫ የተሰጠ ውክልና ማተሚያ ቤት ለመፈራረም ይበቃል፤ ነገር ግን ወካይዋ ስትሞት በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል። የቅጂ መብቱ ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሞት በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ማን እንዲይዘው እንደምትፈልግ በኑዛዜ ታስፍር፦ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ሙሉ በሙሉ በእጇ የተጻፈ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለው። ያለ ምስክር ከሆነ በኮምፒውተር አስጽፎ መፈረም አይበቃም።

የመጽሐፉ ምረቃ ከኬሞ በኋላ በ18ኛው ቀን አካባቢ፣ ከ11 ሰዓት ወዲያ ይሁን። ጥሪውን የደም ምርመራው ውጤት ሳይመጣ አትበትኑ። አንዳንድ ኬሞ ጣት ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ፊርማዋን ቤቷ ሆና፣ በወፍራም እስክርቢቶ፣ በቀን 15 እያደረገች ስቲከር ላይ ትጨርስ። እዚያ ስትደርሱ መጽሐፉ ላይ መለጠፍ የእናንተ ሥራ ነው። ወንበሯ በሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ መድረክ መሪው ጉንጭ ለጉንጭ ሰላምታ እንደሌለ አስቀድሞ ይናገር፤ ባጃጁ ደግሞ ደጅ ይጠብቅ።